ከአንጋፋው የሮክ ባንድ የተቀመረ ምርጥ ተሞክሮ

በደሴ ከተማ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ እንደ ማስተባበሪያው ጽሕፈት ቤት የተከበረ አልነበረም። ምን እንደሚያስተባብር በትክክል የሚያውቅ ሰው ባይገኝም፣ ባያስተባብር ኖሮ ምን ዓይነት ጥፋት ሊደርስ ይችል እንደነበር ለማሰብ የሚደፍር ስላልነበረ ክብሩ ሳይነካ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ክፍል ያነጠፈውን መንገድ በሳምንቱ ሌላው ክፍል ቧንቧ ለመቅበር ሲቆፍረው፣ ማስተባበሪያው ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል የምስጋና ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ከዚህ የበለጠ ቅንጅት ሠርቶ ያሳየ ካለ እሱ ይቅረብ።

ይህን ጽሕፈት ቤት ለዐሥራ አራት ዓመታት የመሩት አቶ በላቸው ናቸው። አቶ በላቸው ሥራ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በተለይም ሥራ ቦታ መገኘትን። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይነሣ ይገባሉ፤ ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው ወጣ ቢሉም ኮቱ ባለጉዳይ ሲጠብቅ ይውላል። ስብሰባ ላይ “እንደሚታወቀው” ብለው ከጀመሩ፣ ማንም የማያውቀውን ነገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያብራራሉ። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያቋረጣቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ መብራት ሁለት ጊዜ አቋርጧቸዋል፤ እሱንም በደብዳቤ ጠይቀዋል።

የካቲት ላይ የሰው ሀብት ክፍል አንድ አጭር ደብዳቤ ላከላቸው። ሰኔ ሠላሳ ቀን ስልሳ ዓመት ስለሚሞላቸው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ በጡረታ እንደሚገለሉ ይገልጻል። አቶ በላቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በጠርዙ ላይ “ለሚመለከተው ይመራ” ብለው ፈረሙበት። ደብዳቤው በየቢሮው ዞሮ ዞሮ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የሚመለከተው እሳቸውን ነበርና።

ለባለቤታቸው ለሰርካዲስ በራት ሰዓት ነገሯት።

“ተመስገን። እንግዲህ ታርፋለህ” አለች።

“ከምን?” አሉ አቶ በላቸው ቆጣ ብለው።

ሰርካዲስ ጥያቄውን ከልቧ አሰበችበት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስትሸኝ ማታ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት፤ መልሱን ማወቅ ነበረባት። በመጨረሻ ግን “እንጃ፤ ብቻ ታርፋለህ” ከማለት የተሻለ አላገኘችም።

አቶ በላቸው ያን ዕለት በቅጡ አልበሉም። ያስጨነቃቸው ደመወዙ አልነበረም። ከሐምሌ አንድ በኋላ በፒያሳ ሲያልፉ ሰው ጎንበስ ብሎ “ኃላፊው” ካላላቸው፣ የሚያልፉት እሳቸው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? ይህን ለሰርካዲስም አልነገሩም።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሄዱ። ልጃቸው ፋብሪካ ፈረቃ ገብታ ነበርና ባሏ አብይ ሱቁ ውስጥ ተቀበላቸው። አብይ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነው። ያን ዕለት ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት ስፒከሮች ግድግዳው ሥር አቁሞ ከስክሪን ጋር አያይዞ ይፈትሻል። አቶ በላቸው ገና ደጁን ሳይረግጡ የመደርደሪያው መስታወት ሲንቀጠቀጥ ሰሙ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ጆሯቸውን ይዘው።

አብይ ድምፁን ዝቅ አደረገው። “የሮክ ባንድ ነው ጋሼ። የመድረክ ዝግጅታቸው በቪዲዮ ተቀርጾ ነው። ይህን የቻለ ስፒከር የትኛውንም ሠርግ ይችላል።”

አቶ በላቸው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው እጁን አንሥቶ ይጮኻል። መድረኩ ላይ አምስት ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው የቆዳ ሱሪ ለብሶ፣ ሽበቱን ትከሻው ላይ ለቆ፣ ሰው ቤቱ ሲቃጠል በሚጮኸው ጩኸት ይዘፍናል። ሌላው ጊታሩን አቅፎ ተንበርክኳል። ራሰ በራው ድራሙን እንደ ባለ ዕዳ ይደበድበዋል።

“ዕድሜያቸው ስንት ነው?”

“ዘፋኙ ሰባ ሁለት። ጊታሪስቱ ሰባ አምስት። ድራም መቺው ሰባ ስድስት፤ ልቡ ላይ ማሽን ተገጥሞለታል ይባላል።”

“ጡረታ አልወጡም?”

“ይኸው መድረክ ላይ ናቸው ጋሼ።”

“የሚያራዝምላቸው ማን ነው?”

አብይ ጥያቄው አልገባውም። “ሕዝቡ ነው መሰለኝ” አለ።

አቶ በላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ሙዚቃ የሚያዳምጡት ከንግግራቸው በፊትና በኋላ በሚኖረው ክፍተት ብቻ ነበር። አሁን ግን ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ፈትተው፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳያስሉ ተመለከቱ። ሰባ ስድስት ዓመት፤ ልብ ላይ ማሽን፤ ሆኖም ማንም “ይገለሉ” አላለውም። ሕዝቡ እንዲያውም ድገም ይለዋል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አብይ ከሙቀቱ መስሎት መስኮት ከፈተ።

በዚህ መሐል ልጃቸው መጥታ ምሳ ቀረበና ቪዲዮው ቆመ። አቶ በላቸው ግን ፍላሽ ላይ አስገልብጠው ኪሳቸው ከተቱት። ቀሪውን አላዩትም። ሰነድን እስከ መጨረሻው ማንበብ የበታች ሠራተኛ ተግባር እንደሆነ በኃላፊነት ዘመናቸው በሚገባ ተገንዝበዋል።

በማግስቱ የሥራ አመራር ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው “የአንጋፋ ባለሙያዎችን የአገልግሎት ቀጣይነት በተመለከተ ከአቻ ተቋም የተገኘ ተሞክሮ” የሚል ነበር። ቪዲዮው ግድግዳው ላይ በርቶ ዐሥራ አንድ ሠራተኞች አፈጠጡበት። የመጀመሪያው ጩኸት ሲወጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቃጠሎ የተነሣ መስሎት የገቢ መዝገቡን አቅፎ ሮጠ፤ ከደረጃው ላይ አግባብተው መለሱት።

“እንደሚታወቀው” አሉ አቶ በላቸው ቪዲዮውን አቁመው፣ “ተጠቃሹ አካል ከተመሠረተ አርባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጊታሩን የያዙት ባለሙያ ብቻቸውን ስድስት ደቂቃ መጫወታቸውን አስተውሉ። ሪፖርት እያቀረቡ ነው። ሌሎቹ አያቋርጧቸውም። ከኋላ ቆመው ወፍራሙን ክር ብቻ የሚነኩት ደግሞ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ አስተዳደርና ፋይናንስ ናቸው። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞሩት ሕዝቡ ራሱ ይዘፍናል። ሕዝባዊ ተሳትፎ ማለት ይህ ነው።”

ምክትላቸው ሐዋ እጇን አነሣች። ሐዋ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚጻፈውን ሁሉ የምትጽፍ፣ የሚፈረመውን ደግሞ የማትፈርም ሴት ናት።

“ሥራውን ለሕዝቡ ሰጥተው እሳቸው አረፉ ማለት ነው ጋሼ?”

“በትክክል ተረድተሽዋል” አሉ አቶ በላቸው በደስታ። “ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ።”

ተሞክሮውን የሚቀምር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ በላቸው፣ ጸሐፊዋ ሐዋ። በአንድ ወር ውስጥ ስልሳ አራት ገጽ ሰነድ ተዘጋጀ። ዋነኛው ግኝት “ተጠቃሹ አካል ላለፉት አርባ አምስት ዓመታት አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ዓይነት መንገድ በከፍተኛ ድምፅ በማከናወኑ ውጤታማ ሊሆን ችሏል” የሚል ነበር። በዚህ ረገድ ማስተባበሪያው ከባንዱ የሚያንሰው በድምፅ ብቻ መሆኑን ሰነዱ በትሕትና ያምናል። መደምደሚያው ደግሞ ኃላፊው አገልግሎታቸው ለአምስት ዓመት ቢራዘም ተሞክሮውን በተግባር ለማዋል ፈቃደኛ መሆናቸውን ይገልጻል።

ሐዋ ሰነዱን ለፊርማ አቀረበች። “ጋሼ፣ ቪዲዮው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። እኛ የጻፍነው ስለ መጀመሪያዎቹ አርባ ደቂቃዎች ነው። ቀሪውን ቢያዩት አይሻልም?”

“ቀሪው ድግግሞሽ ነው” አሉና በየገጹ ፈረሙ፤ ሰነዱም ለበላይ አካል ተላከ።

ተሞክሮው ወዲያውኑ መስፋፋት ጀመረ። ለዐሥራ አንድ ሰው ስብሰባ ሁለት ድምፅ ማጉያ ከአብይ ዘንድ መጣ። አቶ በላቸው ወደ አዳራሹ የሚገቡት ሁሉም ከተቀመጠ፣ መብራቱ ጠፍቶ ከበራ በኋላ ሆነ። አብይ በመድረክ ላይ የሚረጭ ጭስ ልጨምር ብሎ ነበር፤ የደሴ ጉም በተሰበረው መስኮት በነፃ ስለሚገባ አላስፈለገም። ፀጉራቸውንም ከመጋቢት ጀምሮ መቆረጥ ተዉ። ከላይ ብዙም ስላልነበረ ያደገው ከኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ሚያዝያ ላይ አንገትጌያቸውን አልፎ ወረደ። ሰርካዲስ “ምን ሆነሃል?” ስትላቸው “መመሪያ ነው” አሏት።

ይህ ሁሉ ዕድገት ሲመዘገብ፣ እማማ መርየም የሚባሉ የሆጤ ሰፈር ነዋሪ በየሳምንቱ ይመላለሱ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ተፈራርቀው የቆፈሩት ቦይ በራፋቸው ላይ ተከፍቶ ከቀረ ሰባት ወር ሆኖታል። ሁለቱም “የእኔ አይደለም” አሏቸው። በእንጨት እየተሻገሩ ሲገቡና ሲወጡ አንድ ቀን ወድቀው እጃቸው ወልቋል። እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ የአቶ በላቸው ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል።

“ወላሂ ልጄ፣ ሰው እየገረፉ ነው?” አሉ ሐዋን።

“አብሽሩ እማማ፣ ስብሰባ ነው።”

“ስለ ቦዩ ነው የሚሰበሰቡት?”

ሐዋ ስማቸውንና ስልካቸውን ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ለአራተኛ ጊዜ።

በሚያዝያ አጋማሽ የበላይ አካል መልስ ሰጠ። “የቀረበው ተሞክሮ አስተማሪ ቢሆንም፣ ከአካባቢያችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር ያለው ተዛማጅነት በተግባር ይረጋገጥ” ይላል። አቶ ሚስባህ የሚባሉ ከፍተኛ ባለሙያ የሚመሩት ገምጋሚ ቡድን እንደሚመጣም ያስታውቃል። አቶ በላቸው ደብዳቤውን ለሐዋ ሰጧት።

“እዚህም የማይደክም አንጋፋ አሳዩን ነው የሚሉት” አለች አንብባ። “ሰባ ያለፈ፣ የእኛኑ አየር የሚተነፍስ፣ የእኛን ሥራ የሚያውቅ።”

“ማን አለ እንዲህ ያለ?”

“ጋሽ ኃይለ ሚካኤል አሉ።”

አቶ በላቸው ደብዳቤውን ከእጇ ወስደው አጣጠፉት። አቶ ኃይለ ሚካኤል ከእሳቸው በፊት የማስተባበሪያው ኃላፊ ነበሩ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ስልሳ ሲሞላቸው አገልግሎታቸው እንዲራዘም ጠይቀው ነበር። ያኔ ምክትል የነበሩት በላቸው በቃለ ጉባኤ ላይ “አንጋፋዎችን በክብር መሸኘት ለተተኪ ዕድል መስጠት ነው፤ ደግሞም ደክመዋል” ብለው አስጻፉ። ሽማግሌው በሳምንቱ ተሸኙ፤ በዐሥረኛው ቀን በላቸው ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ነገር ግን አምስት ዓመት አምስት ዓመት ነው፤ አቶ በላቸው በጽሕፈት ቤቱ መኪና ሽማግሌው ወደሚኖሩበት ወደ ቦሩ ሜዳ ሄዱ።

ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው አቶ ኃይለ ሚካኤል ድንች ይኮተኩቱ ነበር። ቀና ብለው እንግዳቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩት፤ የወረደው ፀጉር ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

“በላቸው፣ ሐዘን ላይ ነህ?”

“አይ፣ ተሞክሮ ነው ጋሽ ኃይለ ሚካኤል።”

ቆመው ተነጋገሩ፤ ሽማግሌው መኮትኮታቸውን አላቋረጡም። አቶ በላቸው ስለ ባንዱ፣ ስለ ገምጋሚዎቹ፣ ስለ አንጋፋነት አስረዱ። “እርስዎ መጥተው ሰባ አራት ዓመትዎ እንደሆነና ብርቱ እንደሆኑ ቢናገሩ ይበቃል” አሉ በመጨረሻ።

“ብርቱ መሆኔን አንተ ነህ የምትለኝ?”

አቶ በላቸው ጫማቸው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ተመለከቱ። “እንደሚታወቀው…” ብለው ጀመሩ፤ ግን የሚታወቀውን ሁለቱም ያውቁት ነበርና አልጨረሱትም።

“የት ነው ዝግጅቱ?” አሉ ሽማግሌው።

“ኮምቦልቻ፤ አዳራሽ ተከራይተናል።”

“ኮምቦልቻ ይሞቃል። ለጉልበቴ ደኅና ነው። እመጣለሁ።”

ዕለቱ ደረሰ። የኮምቦልቻው አዳራሽ በባነር አጌጠ፤ አብይ አራት ስፒከር ደረደረ። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ የመክፈቻ ንግግሩን ያስተዋወቀው ንግግርም ምስጋና ተቸረው። አቶ በላቸው ጥቁር መነጽር አድርገው ስለ ቀጣይነት አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። ቪዲዮው እስከ አርባኛው ደቂቃ ታየ። ከዚያም አቶ ኃይለ ሚካኤል ሳይደገፉ መድረክ ወጡ።

“ሰባ አራት ዓመቴ ነው” አሉ። “ብርቱ ነኝ።” ሊወርዱ ሲሉ አቶ ሚስባህ ከፊት ወንበር ጠየቋቸው።

“የብርታትዎ ምስጢር ምንድን ነው?”

“ስብሰባ ከተውኩ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው።”

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አቶ በላቸውም አጨበጨቡ፤ ከዚያ ተሰብሳቢው ለሻይ እንዲወጣ ጋበዙ። ራሳቸው ወደ ግቢው ወጥተው ከሌሎቹ ሁለት ገምጋሚዎች ጋር ስለ አምስት ዓመት ዕቅዳቸው ሲያወጉ፣ አቶ ሚስባህ ፀሐዩን ፈርተው ከአቶ ኃይለ ሚካኤል ጋር ውስጥ ቀሩ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብለውም “እስቲ ቀጥልልን” አሉት አብይን።

አቶ በላቸው ሲመለሱ ከአዳራሹ የሚወጣው ሙዚቃ ሌላ ዓይነት ነበር። ዝግ ያለ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ከአምስቱም በዕድሜ የሚበልጡ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ወደ መድረኩ ይገባሉ። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ያለቅሳል። ባለ ቆዳ ሱሪው፣ አቶ በላቸው ለሦስት ወር ፀጉሩን የተከተሉት ሰው፣ ማይኩን በሁለት እጁ ለሽማግሌው አስረክቦ ወደ ኋላ ሄደ፤ እዚያ ከድራሙ አጠገብ ቃጭል ያለባት ትንሽ ከበሮ ይዞ ቆመ። ሽማግሌው መዝፈን ሲጀምሩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ሕዝቡ ግን እስከዚያች ሰዓት ያልጮኸውን ጩኸት ጮኸ።

“እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?” አሉ አቶ በላቸው ቀስ ብለው።

“የመጀመሪያው ዘፋኝ ነው ጋሼ። ባንዱን የመሠረተው እሱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ደክሟል ብለው አስወጡት። ቪዲዮው የተቀረጸው የተመለሰ ቀን ነው፤ ታዋቂ የሆነውም ለዚሁ ነው።”

“የቆዳ ሱሪ የለበሰውስ?”

“እሱ ተተኪው ነው። ያኔ ደክሟል ብለው ከተናገሩት አንዱ።”

አቶ ሚስባህ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስክሪኑን አዩ፤ አጠገባቸው የተቀመጡትን አቶ ኃይለ ሚካኤልን አዩ፤ መጨረሻ ላይ አቶ በላቸውን አዩ። ማስታወሻ ደብተራቸውንም ከፈቱ።

የበላይ አካሉ ውሳኔ ሰኔ ሃያ ቀን ደረሰ። “የቀረበውን ተሞክሮ ያለ አንዳች ቅሬታ የተቀበልን መሆኑን እየገለጽን፣ በተሞክሮው ማጠቃለያ ላይ በግልጽ እንደታየው የነባሩ ባለሙያ ወደ መድረክ መመለስ ከፍተኛ የሕዝብ እርካታ ያስገኘ በመሆኑ፣ አቶ ኃይለ ሚካኤል ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በኃላፊነት እንዲመለሱ፣ ተተኪውም ላበረከቱት አስተዋጽኦ ተመስግነው እንዲሸኙ ተወስኗል።” አቶ በላቸው ውሳኔውን ሊቃወሙ ሰነዱን አነሡ። በስልሳ አራቱም ገጽ ላይ የራሳቸውን ፊርማ አገኙት።

ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቷቸው ተሸኙ። በመሸኛው ላይ ሐዋ ንግግር አደረገች፤ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት፤ ስታበቃ አቶ በላቸው የቀረው የት አለ ብለው ጠበቁ።

ሐምሌ ሦስት ቀን በዝናብ ሚኒባስ ተሳፍረው ቦሩ ሜዳ ወጡ። ለምን እንደሄዱ ራሳቸውም በደንብ አያውቁም፤ እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት ነው ብለው ለሰርካዲስ ነግረዋታል። አቶ ኃይለ ሚካኤልን ያገኟቸው ቢሮ ሳይሆን እዚያው ማሳቸው ላይ፣ ላስቲክ ለብሰው ነጭ ሽንኩርት ሲያርሙ ነው።

“ሥራ አልገቡም?” አሉ ተገርመው።

“አልቀበልም ብዬ ጻፍኩላቸው።”

“ለምን?”

ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። “ያን ጊዜ፣ ስልሳ ሲሞላኝ፣ ብትጠሩኝ ኖሮ እየሮጥኩ ነበር የምመጣው። አንድ ዓመት ሙሉ ስልኩን ሳይ ነው የዋልኩት። ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ ‘ኃላፊው’ ይለኝ እንደሆነ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ድንች ተከልኩ። አሁን ይኼ ሁሉ አረም እያለብኝ የት ልሂድ?”

አቶ በላቸው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ይቅርታ የሚሉት ቃል አፋቸው ላይ ነበር፤ ግን ያለ አጀንዳ ተናግረው ስለማያውቁ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋቸው።

“ጎንበስ በል እስቲ” አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል። “ያ ሰፋ ያለው ቅጠል አረም ነው። ሽንኩርቱን እንዳትነቅል።”

አቶ በላቸው ጎንበስ አሉ። ሦስት ሽንኩርት ነቀሉ፤ ሽማግሌው እየተከተሉ መልሰው ተከሉት።

የማስተባበሪያው ወንበር በዚህ ሁኔታ ባዶ ቀረ። አንዱ ተሸኝቷል፤ አንዱ እምቢ ብሏል፤ ሦስተኛ ሰው ለመሾም ደግሞ በቪዲዮው ውስጥ የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም። ጽሕፈት ቤቱ እንዴት ይዘልቃል ተብሎ ብዙ ተሠጋ። ስብሰባ የሚጠራ ስላልነበረ ስብሰባ አልተደረገም። የሚፈርም ስላልነበረ ደብዳቤ አልወጣም። ሐዋ የምትጽፈው ስታጣ ስልክ አንሥታ ቧንቧ የሚዘረጋውን ክፍል “ሆጤ ያለውን ቦይ መቼ ትጨርሳላችሁ?” ብላ ጠየቀች። “መንገድ ሠሪዎቹ ሐሙስ የሚመጡ ከሆነ እኛ ረቡዕ እንጨርሳለን” አሏት። ለመንገድ ሠሪዎቹም ደውላ ሐሙስ አስባለቻቸው። ረቡዕ ቧንቧው ተቀበረ፤ ሐሙስ አፈሩ ተመለሰ፤ ዓርብ እማማ መርየም ያለ እንጨት በበራፋቸው ወጥተው በእግራቸው ቢሮ ድረስ መጥተው ዱዓ አደረጉላት። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በሦስት ወር ውስጥ አርባ ሰባት ተፈጸመ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳዮቹ የሚፈጸሙት ከሚመዘገቡት ቀድመው ስለሆነ መዝገቡ ተምታታብኝ ሲል ቅሬታ አቀረበ።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ በላቸው ኮምቦልቻ አብይ ሱቅ ውስጥ ገመድ ይጠቀልሉ ነበር። ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል። ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ የሚወጣውን ዕቃ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማይክ ግን አብይ አይሰጣቸውም። ሐዋ ገባች።

“እንደምን ዋሉ ጋሼ። ሁለት ስፒከር ልከራይ ነው የመጣሁት።”

“ለምን ጉዳይ?”

“በሩብ ዓመቱ አርባ ሰባት ጉዳይ ፈጽመን ከሁሉም በልጠን አንደኛ ወጣን። የበላይ አካል ‘ያለ ኃላፊ ውጤታማ የመሆን ተሞክሮ’ ብሎ ይቀመር አለ። በመጪው ሳምንት ለሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ይቀርባል።”

አቶ በላቸው ገመዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ያለ እሳቸው አንደኛ መውጣቱ ቅር አሰኛቸው፤ ቢሆንም አርባ ሰባት ጉዳይ ማለት ብዙ መሆኑን ያውቃሉ፤ በዐሥራ አራት ዓመታቸው ስንት እንደሆነ ለመቁጠር ሞክረው ተዉት።

“ጎበዝ” አሏት በመጨረሻ፣ ከልባቸው። “አንቺ ነሻ የምታቀርቢው?”

“የለም፣ አዲሱ ኃላፊ ናቸው።”

“ኃላፊ ተሾመ?”

“ያለ ኃላፊ የመሥራቱን ተሞክሮ የሚመራው ኃላፊ ስለጠፋ፣ አቶ ሚስባህ ተሾሙ። ሰኞ ገብተዋል። ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን።”

“አንቺስ?”

“ያለ ኃላፊ እንዴት እንደሠራን የሚያስረዳውን ሰነድ እየጻፍኩ ነው። ስምንት ቀን ሆነኝ ስልክ ካነሣሁ።”

አቶ በላቸው ከልማድ የተነሣ ጠየቁ፦ “ማን ይፈርምበታል?”

“ኃላፊው” አለች ሐዋ።